ያንተዎቹ

አማቴ «ትንኝ» ይሏቸዋል። ልጄ፣ መጽሐፉ እንደዚያ ስለሚል፣ «የፍራፍሬ ዝንብ» ትላቸዋለች። ባለቤቴ ግን ስም በማውጣት አትደክምም፤ «ያንተዎቹ» ብላ ታልፋለች። «ያንተዎቹ ዛሬ ደግሞ ሽሮው ላይ ሰፍረዋል።» «ያንተዎቹን ከብርጭቆዬ ላይ አንሣልኝ።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ስንኖር በእኔ ስም የተመዘገበ ንብረት ይኸው ብቻ ነው። የቤቱ ዕጣ እንኳ የወጣው በእሷ ስም ነው።

የእኔ የሆኑት እንዲህ ነው። የታሪክ መምህር ነኝ። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ባለቤቴ ጠዋት ቢሮ ትሄዳለች፤ እኔ ሶፋ ላይ ቀርቼ አነባለሁ። ሁለት ክረምት ዝም ብላ አየችኝ። በሦስተኛው፣ ሐምሌ እንደገባ፣ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ የገጹን ጥግ አጠፍ አደረገችና፣ «የዓድዋ ጦር እንኳ ስንቅ ሳይሰነቅለት አልዘመተም፤ እኔ ግን በየቀኑ ምሳ ሳልቋጥር እዘምታለሁ» አለች። በማግስቱ ወጥ ቤት ገባሁ።

ወጥ ቤት ስል የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ማለቴ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሰው ሲገባ ሌላው በር ላይ ቆሞ የሚያማክርበት ዓይነት። ምጣዱ ከተጣደ ማቀዝቀዣው አይከፈትም፤ ማቀዝቀዣው ከተከፈተ ሰው አያልፍም።

አዲስ ሹመኛ ሁሉን ነገር በብዛት ይወዳል። ጉልት ላይ አንዲት እናት ሙዙ በስሎ አልፎባቸው ነበር፤ ልጣጩ ነብር መስሏል። «ሙሉውን ውሰደው ልጄ፣ በግማሽ ዋጋ» አሉኝ። በመምህር ደመወዝ የሚኖር ሰው «ግማሽ ዋጋ» ሲሰማ እግሩ ከመሬት አይላቀቅም። ሙዙን ማቀዝቀዣው አናት ላይ ጫንኩት። ድንቹንና ሽንኩርቱን ከነከረጢቱ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ወሸቅሁት። የበለስ ወቅት ነበርና በለስም ገዝቼ፣ ልጣጩን «ነገ እደፋዋለሁ» ባልኩት ባልዲ ውስጥ አጠራቀምኩት። ማታ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ግዛቴን ቃኘሁ። የሞላ ቤት!

መጀመሪያ ሁለት ነበሩ። ሙዙ ላይ ዝቅ ከፍ እያሉ፣ ሥራ እንደሌለው ሰው ይንጎራደዳሉ። ሁለት ትንኝ ማንን ይጎዳል ብዬ ተውኳቸው። ባልና ሚስት መሆናቸውን ያወቅሁት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ማጨብጨብ ጀመርኩ። ትንኝን በአየር ላይ ለመያዝ ከማጨብጨብ ሌላ ዘዴ አልታየኝም። ሽንኩርት እየከተፍኩ አጨበጭባለሁ፤ ሊጥ እየለወስኩ አጨበጭባለሁ፤ አንዷን ተከትዬ ግራ ወዝወዝ፣ ቀኝ ወዝወዝ፣ ከዚያ ጭብ! ብዙውን ጊዜ የምይዘው የራሴን መዳፍ ነው። መስኮታችን ፊት ለፊት ካለው ብሎክ ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ያገኙኝ የማዶዋ ጎረቤት ነጠላቸውን አጣፍተው ጎንበስ አሉልኝ፤ «ጋሼ፣ ገና ጾሙ ሳይገባ ዝማሬውን ጀምረውታል! ሽብሸባውስ ቢሆን! እግዚአብሔር ያበርታዎት።» ምን ልበላቸው? «አሜን» ብዬ ወረድኩ።

ለፍልሰታ አማቴ ከደብረ ብርሃን መጡ። ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ጌሾ፣ ብቅል፣ አንድ ቋጠሮ ቀበርቾና በብርድ ልብስ የተጠቀለለች ትንሽ እንስራ ይዘዋል። ሐሳባቸው ግልጽ ነው፦ ጾሙን እዚህ ይጾማሉ፣ ከዚያ ለእንቁጣጣሽ ጠላ ይጠነስሳሉ። በፕላስቲክ ባልዲ የሚጠመቅ ጠላ አይወዱም፤ ፕላስቲክ በወይራ አይታጠንማ። እንስራዋን ራሳቸው አቅፈው አራት ፎቅ ወጡ። አልቀበልም ብለው እንጂ ልይዝላቸው ጠይቄያለሁ።

ወጥ ቤት ገብተው የሊጡን ባልዲ ክዳን ሲያነሡ ጭስ የመሰለ ነገር ፊታቸው ላይ ቡን አለ። ወደ ኋላ አላሉም። በነጠላቸው ጫፍ አባረሩና፣ «አይዞህ ልጄ፣ ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» አሉኝ።

«እማማ፣ የእኛ ክዳን እኮ ተሰንጥቋል።»

«እንግዲያ ክዳኑን ተቆጣ፤ ትንኙ ምን አደረገ?»

ባለቤቴ ግን ማታ ስትመጣ ዐዋጅ አወጀች። ትንኙ ከዚህ ቤት ሳይጠፋ ጠላ የሚባል ነገር አይጠነሰስም። እናቷን እያየች ሳይሆን እኔን እያየች ነው ያወጀችው። አማቴ ዝም አሉ። ጌሾዋን አንሥተው አልጋቸው ሥር አስቀመጡ። ጠላ የሌለበት እንቁጣጣሽ ለእሳቸው ምን እንደሆነ ለማወቅ፣ ጌሾዋን ሲያስቀምጡ የተነፈሱትን ትንፋሽ መስማት ይበቃል። የእንቁጣጣሹ ጠላ በእኔ መዳፍ ላይ ወደቀ። መዳፌ ደግሞ እስካሁን ምን እንዳደረገ ተናግሬያለሁ።

ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች፤ ክረምቱን ባዮሎጂ ላይ ተደፍታ ነው የከረመችው። ጠላቶቼን በተሳደብኩ ቁጥር እንደ ጠበቃ ብድግ ትላለች። የሳይንስ ስማቸውን ያስጠናችኝ እሷ ናት፤ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር። ከግሪክኛ ሲመለስ «ጠል ወዳድ፣ ሆደ ጥቁር» እንደማለት ነው። ጠል ሲወዱ አላየሁም። ሆደ ጥቁር የሚለውን ግን ወደድኩት። ሆደ ሰፊ አለን፣ ሆደ ባሻ አለን፤ ይህ ስንፈልገው የኖርን ቃል ይመስለኛል።

«ደግሞ የባዕድ አገር እንዳይመስሉህ አባዬ፤ አፍሪካውያን ናቸው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዛሬ ዓለምን የሞላው ይህ ትንኝ ዘሩ የሚቆጠረው ከእኛው አህጉር ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት በደቡባዊ አፍሪካ ማሩላ በሚባል የዱር ፍሬ ላይ ይኖር ነበር። ከዚያ ከሰው ጋር ተላመደ፤ ሰው ፍሬ ሲያጠራቅም፣ መጠጥ ሲጠምቅ አየ፤ ወደ ጫካ አልተመለሰም። ሰው በተሰደደበት ሁሉ ተከትሎ ተሰደደ። የታሪክ መምህር ነኝና እዚህ ላይ ትንሽ አመነታሁ። የአህጉሬ ልጅ፣ ያለ ፓስፖርት ዓለምን ያዳረሰ መንገደኛ ሽሮዬ ውስጥ ቢወድቅ...

ማመንታቴን ያየች ልጅ አልተወችኝም። ቶማስ ሀንት ሞርጋን የሚባል አሜሪካዊ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በወተት ጠርሙስ ውስጥ ሙዝ እያበላ ያረባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ከቀይ ዓይናሞቹ መካከል ዓይኑ ነጭ የሆነ አንድ ወንድ ብቅ አለ፤ ሞርጋን የእሱን ልጆችና የልጅ ልጆች ቆጥሮ፣ ዘረ መል ክሮሞዞም ላይ እንደሚቀመጥ አሳየ። በ1933 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። በትንኟ የተሸለመው እሱ ብቻም አይደለም፤ በ1946፣ በ1995፣ በ2011፣ በ2017 ሌሎች እሷን እያጠኑ ስቶክሆልም ሄደዋል። እኔም እንደ ሞርጋን ሙዝ አብልቻለሁ። ያገኘሁት ኩርፊያ ነው።

«በ1947 ደግሞ» አለች ልጄ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በሮኬት ሕዋ ደርሰው የተመለሱ የመጀመሪያዎቹ እንስሳት እነሱ ናቸው። ከነሕይወታቸው!»

አማቴ ጥጥ እየፈተሉ ነበር። እንዝርቱን አቆሙት። «ሰማይ ደርሳ ተመልሳ ነው እኔ ሽሮ ላይ የምታርፈው?» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «አይ፣ ርቧት ይሆናላ» ብለው እንዝርቱን አሾሩት።

ከልጄ ትምህርት ሁሉ ያስደነገጠኝ የሙቀቱ ነገር ነው። በ25 ዲግሪ አካባቢ ከእንቁላል ተነሥተው ክንፍ ለማውጣት 10 ቀን ይበቃቸዋል፤ በ18 ዲግሪ ግን እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈጅባቸዋል። አንዷ እናት በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። የአዲስ አበባ ክረምት፣ ብርዱም ዝናቡም፣ ከእኔ ጎን ተሰልፎ ነበር ማለት ነው። እኔ ነኝ የከዳሁት። በሳምንት ሁለት ቀን ምጣድ እየጣድኩ፣ ዳቦ እየጋገርኩ፣ ለብርድ መግቢያ እንዳይኖር መስኮት እየዘጋሁ፣ ወጥ ቤቷን የትንኝ ማዋለጃ አድርጌያት ከርሜያለሁ። የ2017ቱ ሽልማት ደግሞ በአካላቸው ውስጥ ስላለው ሰዓት ነው፤ ንጋትና ምሽት ላይ ነው ይበልጥ የሚነቃቁት። እኔ እንጀራ የምጋግረው ንጋት ላይ፣ ራት የምሠራው ምሽት ላይ። ቀጠሮ ይዘን የምንገናኝ ነው የሚመስለው።

ወጥመድ የማጥመዱ ምክር የመጣው ከመምህራን ክፍል ባልደረባዬ ነው፤ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። አቼቶ በብርጭቆ፣ ላዩ ላይ የላርጎ ጠብታ፣ አፉን በፌስታል አስረህ በመርፌ ቀዳ ቀዳ። ሳሙናው ለምን? ያለ ሳሙና ትንኟ ፈሳሹ ላይ ቆማ ጠጥታ፣ አፏን ጠርጋ ትሄዳለች፤ ሳሙና ሲገባበት ግን ፈሳሹ የሚሸከማት ቆዳው ይሳሳል፣ ትሰጥማለች። ከሱቅ ርካሹን ነጭ አቼቶ ገዛሁ። አደረ። በማግስቱ አራት ትንኝ ሞተው ተገኙ፤ አንዷ ከእርጅና ሳይሆን አይቀርም።

አማቴ ብርጭቆውን አሽትተው ፊታቸውን አጨማደዱ። «እንግዳ ጠርተህ ሆምጣጤ ታቀርባለህ?»

ሊጡ ቦክቶ ነበር። አማቴ ባልዲውን ቀስ አድርገው አዘነበሉና፣ ከላይ የጠለለውን ቢጫ ውኃ፣ እርሾውን፣ በሲኒ ቀዱ። የላርጎዋን ጠብታ ራሳቸው ጣሉባት፤ በዚህ አልተከራከሩም። ሲኒዋን ማቀዝቀዣው ላይ አኖሯት። ንጋት ላይ ስነሣ ሲኒዋ ጠቁራለች። እስከ መቶ አሥራ ሁለት ቆጥሬ ተውኩት።

ልጄ ሮጣ መጥታ አየች። «እኮ! ስማቸው የፍራፍሬ ይሁን እንጂ የሚጠራቸው ፍሬው ሳይሆን ፍሬው ላይ ያለው እርሾ ነው፤ ተመራማሪዎች ፈትነውታል።»

«እኔ ሳልፈትን አውቀው ነበር» አሉ አማቴ።

ወዲያው ግን ሌላ ነገር አሳሰበኝ። በቤታችን ጥሩ የሚባለው ነገር ሁሉ የሚቦካ ነው። እንጀራው ይቦካል፣ ዳቦው ይቦካል፣ ጠላው ገና ቢጠነሰስ ይቦካል። ሙዙን ጥዬዋለሁ፣ የበለሱን ልጣጭ ደፍቼዋለሁ፤ ሊጡንስ የት እጥለዋለሁ? ያን ሰሞን ደግሞ መብራት ይሄድ ነበር። አብሲቱ ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ሊሰካ ሲል ድርግም። ነገ ይመጣል፣ ማታ ይመጣል ስንል ሊጡ ከኩፍታ አልፎ ኮመጠጠ። ባልዲው ውስጥ ጆሮ ቢያደርጉበት ያወራል። ያን ሌሊት የሰፈሩ ትንኝ በሙሉ እኛ ቤት ድግስ ነበረው።

ልጄ በዚያው ሰሞን ከመጽሐፏ ውጪ አንድ ነገር አንብባ መጣች። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ነው። ወንዱ ትንኝ ሴቷን የሚያባብለው አንድ ክንፉን እያርገበገበ በመዝፈን ነው፤ እንቢ ከተባለ ታዲያ፣ ከተሳካለት ይልቅ አልኮል ያለበትን ምግብ አብዝቶ ይመርጣል። በሴት የተገፋ ወንድ መጠጥ ቤት ይገባል ማለት ነው። የሲኒዋን ሬሳዎች በሌላ ዓይን አየኋቸው። ባለቤቴም አየቻቸው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። ከዐዋጁ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ፍልሰታ አጋማሽ ላይ ዲፎ ዳቦ ልጋግር ተነሣሁ። ኮባ ከጉልት ገዛሁ፤ ዱቄቱን በእርሾ ለውሼ፣ ድንብላልና ጥቁር አዝሙድ ጨምሬ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ምጣዱ አጠገብ አኖርኩት። ጨርቅ ለትንኝ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ብርድ ልብስ ነው፤ ሥሩ ይገቡበታል። ኮባውን ገልጬ ዳቦውን ስቆርሰው ውስጡ ነጭ፣ ላዩ ወርቅ፣ ሽታው ደረጃውን ወርዶ ጎረቤት ይጠራል። አማቴ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ሁለት ቁራሽ በሉ። ልጄ የራሷን ቁራሽ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋች።

«አባዬ፣ ይቺ አዝሙድ ክንፍ አላት።»

ፀጥ አልን። ጾም ነው። በሥጋ ላይ ክርክር ሲነሣ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ዓሣ ይበላል አይበላም ሲባል አድጌያለሁ። ትንኝ ግን በጉባኤ ቀርባ አታውቅም።

«እንስሳ ናት» አለች ልጄ።

«ዝም በይ» አለቻት እናቷ። «ሁለት ሚሊ ሜትር ምን እንስሳነት አለው? ደምስ አላት?»

«ቀይ ደም የላትም። ግን...»

«የላትም! በቃ፣ ደም ከሌላት አትክልት ናት።»

ሁላችንም ወደ አማቴ ዞርን። አፋቸውን በነጠላ ጠረጉ። «ሳላውቅ የበላኋት ለእሱ ናት» አሉ፣ ወደ ላይ እየጠቆሙ። «አውቄ የምበላት ግን የእኔ ናት። ሦስተኛውን ቁራሽ እንግዲህ አልነካም።» ከዚያ ዳቦውን ዐይተው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ጥሩ ቦክቶ ነበር» አሉ። ለንስሐ አባታቸው ነግረዋቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዳቦ ሲቆርሱ መነጽራቸውን ያደርጋሉ።

የቀበርቾው ነገር ባይነገር ይሻል ነበር፤ ብሎኩ በሙሉ ስለሚያውቀው ግን መደበቅ አይቻልም። አማቴ «ጢስ የማያባርረው የለም» ብለው ጠዋት ማንደጃው ላይ ቀበርቾ አደረጉበት። የገጠር ቤት ጢስ በሣሩ ክዳን ይተነፍሳል። የእኛ ኮርኒስ ሲሚንቶ ነው። ጢሱ ዞሮ ዞሮ መውጫ ሲያጣ በወጥ ቤቱ መስኮት ተጠቅልሎ ወጣ። ታች ያለው ጥበቃ ጮኸ። ሦስት ጎረምሶች ባልዲ ውኃ ይዘው፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከዘራቸውን ይዘው፣ አራት ፎቅ እየሮጡ መጡ። በሩን ስከፍት አማቴ በጢሱ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጠው እያስነጠሱ ነበር። «ግቡ፣ ግቡ፣ ቡና ላፍላ» አሉ። ቡና ተፈላ። ትንኞቹ ጢሱ እስኪያልፍ ሳሎን ገብተው ጠበቁ።

ጾሙ ሲፈታ አማቴ ሁለት ቀን ዘመድ ጥየቃ ሄዱ። እንቁጣጣሽ እየደረሰ ነው፤ ጌሾው አልጋ ሥር ነው። ዛሬ ይለይለት ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የገባሁት በዚያ ቀን ነው። የድንቹን ከረጢት ሳነሣው ከሥሩ እጄ ውስጥ አንድ ነገር ገባ። ድንች ነበር። አሁን ድንች አይደለም። ቅርጹ አለ፣ ልጣጩ አለ፣ ውስጡ ግን ሌላ መንግሥት ነው። ሽታውን ለመግለጽ አልሞክርም፤ እናንተም ምሳ ትበላላችሁ። እሱ ነው ዋናው ምሽግ! እኔ ሙዝ ስጥል፣ ሲኒ ሳጠምድ፣ ሳጨበጭብ፣ እሱ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ሠራዊት ሲያመርት ከርሟል። በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ራሴ ወርጄ ጣልኩት።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ድል ያደረገ ሰው ግን ማቆም አያውቅም፤ ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ። የፈላ ውኃ በማጠቢያው ቱቦ አወረድኩ። መደርደሪያውን፣ ወለሉን፣ ግድግዳውን በበረኪና አጠብኩ። የሊጡ ባልዲ ጠርዝ ላይ የደረቀ ሊጥ ነበር፤ ሊጡ ላይ ደግሞ እንደ ሰሊጥ የተለጠፉ ቡናማ ሙሽሬዎቻቸው። ባልዲውን ፈገፈግኩት፣ በበረኪና ዘፈዘፍኩት፣ ፀሐይ ላይ ገለበጥኩት። ማቀዝቀዣው በር ላይ ባለች ማሰሮ ቢጤ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ቢጫ ውኃ አየሁ። «ይኸው የእነሱ ጠጅ» ብዬ ደፋሁት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ትንኝ አልነበረም። አንድም! ባለቤቴ ገብታ አሸተተች። «ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል» አለች፤ ቢሆንም ዐዋጇን አነሣች። አማቴ ተመልሰው ሲሰሙ ጌሾዋን ከአልጋ ሥር አወጡ፤ በዚያው ምሽት እንስራዋ በግራዋ ታጥባ፣ በወይራ ታጥና ጌሾውና ብቅሉ ተጠነሰሰ።

በማግስቱ እንጀራ ልጋግር ምጣድ ጣድኩ። ሊጡን ካቦካሁት ሁለተኛ ቀኑ ነው። በጎመን ዘር አሰስኩ፣ አዞርኩ፣ ከደንኩ፣ ከፈትኩ። ከሰፌዱ ላይ የተዘረጋው ነገር ለስላሳ፣ ክብ፣ ንጹሕ ነው። ዓይን የለውም። አንድም ዓይን። ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈ የፕላስቲክ ጨርቅ ይመስላል። አማቴ ሁለት ጫፉን ይዘው አነሡት።

«ዓይኑስ?»

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነው።»

«እርሾ አላደረግህበትም?»

«የትኛውን እርሾ?»

«ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለውን።»

የሆነውን ነገርኳቸው። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ያ እርሾ ልጃቸው ስትዳር ከደብረ ብርሃን በጠርሙስ አዝለው ያመጡት ነው። ደብረ ብርሃን የነበረው ደግሞ የእናታቸው ነው። የእናታቸውን ከማን እንደተቀበሉት አላውቅም። ከሊጥ ወደ ሊጥ ሲወራረስ፣ ስንት ዘመን፣ ስንት መንግሥት አልፎ እኛ ቤት የደረሰውን፣ በቅርስ አጠባበቅ ላይ ለተማሪዎቼ የሁለት ክፍለ ጊዜ ትምህርት የምሰጠው እኔ በቱቦ ለቀቅሁት።

አማቴ አልተቆጡም። ዓይን የሌለውን እንጀራ አጣጥፈው፣ «ይሄ ቂጣ ነው» አሉና ምጣዱ ላይ መልሰው እስኪጠነክር አገላበጡት። ከዚያ ቆራርሰው እንስራው ውስጥ፣ ጥንስሱ ላይ ጨመሩት። ከከደኑት በኋላ ጠርሙሷን አጥበው እጄ ላይ አስቀመጡ፤ «ሂድ፣ ከጎረቤት እርሾ ለምን።»

ሦስተኛ ፎቅ ወርጄ አንኳኳሁ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ጉዳዬን ሲሰሙ ሳቃቸው መጣ። «ምን ይለመናል ጋሼ! የእናንተው እኮ ነው። ቤቱን የገባን ዓመት ከባለቤትዎ አይደል የወሰድኩት?» ጠርሙሷን እስከ አንገቷ ሞልተው መለሱልኝ። ልክ ልወጣ ስል ከጠርሙሷ አፍ አንዲት ነገር ተነሥታ ፊቴ ላይ ዞረች። ሴትየዋ በእጃቸው መነጠሏት። «እነሱም የእናንተው ናቸው» አሉ። «ሐምሌ ላይ ነው ከላይ የወረዱብን።»

ደረጃውን ስወጣ የጠርሙሷን አፍ በአውራ ጣቴ ይዤ ነበር። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጣቴ ደከመው።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠላው ጠራ። የባለቤቴ የቢሮ ጓደኞች መጥተው፣ አበባ አየሽ ሆይ የሚሉ ልጆች ደረጃውን ሞልተውት፣ ዓይናማው እንጀራ መሶብ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ለባለቤቴ የመጀመሪያውን ብርጭቆ እኔ ቀዳሁላት። ልትጎነጭ ስትል አጠገቧ የተቀመጠችው እንግዳ እጇን ያዘቻት፤ «እንዴ፣ ቆይ! ትንኝ ገብታብሻለች።»

ባለቤቴ ብርጭቆውን አየችው። እኔን አየችኝ። በትንሿ ጣቷ ከጠላው ላይ አነሣቻትና መስኮቱ ደፍ ላይ ክንፏ እንዲደርቅ አስቀመጠቻት።

«ተያት» አለች፣ «የቤት ሰው ናት።»